የበሬው ምርመራ፦ ከሩዋንዳ እስከ የካ አባዶ

የጉቦ ሽታ ከአሥር ኪሎ ሜትር ይደርሰኛል። ነፋስ ካገዘኝ ከአዳማም ይደርሰኛል። የኩባንያ ነገረ ፈጅ ሆኜ ያሳደግሁት አፍንጫ ነው። ሐሙስ ጠዋት ሰሚት ቤቴ ጥብሴን በልቼ፣ ሩዋንዳ ሰፈር ያለው ቢሯችን ደርሼ፣ ወደ የካ አባዶው መጋዘናችን ስነሣ ከእሱ ሌላ ረዳት አላስፈለገኝም።

ቦርሳዬ ውስጥ የመጋዘን ኃላፊያችን የአስቴር የስንብት ደብዳቤ አለ፤ የቀረው የእኔ ፊርማ ብቻ ነው። አንድ ስሙን ያልገለጸ ሰው ውጭ አገር ላለው ዋና መሥሪያ ቤታችን፣ “ካርቶን ከሚያቀርብላችሁ ከጌታቸው የፋሲካ ሥጋ በነፃ የወሰደ የእናንተ ሰው አለ” ብሎ ጠቁሟል። ካርቶኑን የምትረከበው አስቴር ስለሆነች ጣት ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። በደንባችን ከአቅራቢ ስጦታ የተቀበለ ይሰናበታል። “ቅርጫ ይሆናል፤ ሰው አዋጥቶ በሬ ይካፈላል” ብዬ ብጽፍላቸው፣ “በሬው አክሲዮን አለው? የት ተመዘገበ?” ብለው መለሱልኝ። የአገራችን ሕግ በበኩሉ ሠራተኛን ያለ በቂ ምክንያት ማባረር አይፈቅድም። ስለዚህ ሄጄ ላጣራ ተነሣሁ።

መገናኛ

የመሥሪያ ቤቱ መኪና ጋራዥ ገብታለች። መገናኛ ላይ ግማሽ አፍሪካ ታክሲ ይጠብቃል። ተጋፍቼ ገባሁና እንቅልፍ ወሰደኝ። “መጨረሻ!” ሲባል ብነቃ የራሴ ሰፈር ሰሚት ነኝ!

“አባዶ አላልክም?” አልኩት ረዳቱን።

“ፋዘር፣ አባዶማ ከኋላችን የነበረው ታክሲ ነው!”

ያ የተመካሁበት አፍንጫ ታክሲ እንኳ አይለይም። ሌላ ሠላሳ ብር ከፍዬ በአያት በኩል ዞርኩ።

የካ አባዶ

ኮንዶሚኒየሞቹ እርሻ በነበረው መሬት ላይ ተደርድረዋል፤ በሕንፃና በሕንፃ መካከል አሁንም ጎመን የተከለ አለ። አስቴር የመጋዘኑ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

“ጋሼ፣ ደብዳቤውን ይዘው መጡ?”

“መጀመሪያ አንቺ ንገሪኝ።”

ስልኳን አውጥታ ለጌታቸው ብር የላከችበትን የባንክ ማረጋገጫ አሳየችኝ። የቅርጫው የአንድ መደብ ሙሉ ዋጋ፣ ያውም ከበዓሉ በፊት።

“በነፃ ቢሆን ሻኛው ይደርሰኝ ነበር! የደረሰኝ አጥንት ነው። ሁለት ልጅ የማሳድግ ሴት በአጥንት ልባረር?”

“ሌሎቹስ ከፍለዋል?”

“ሰሚት የሚኖር አንድ ትልቅ ሰው አልከፈለም ሲሉ ሰምቻለሁ። ሻኛውም ለእሱ ነው የሄደው።” ሳቋን ዋጥ አደረገች። “ስሙን ግን እኔ አልጠራም።”

አፍንጫዬን አሳከከኝ። ከመጋዘኑ ጀርባ ሄጄ ባለቤቴ ጋ ደወልኩ።

“የፋሲካውን ቅርጫ ከማን ጋር ነበር የገባነው?”

“ከሦስተኛ ፎቁ ጌታቸው ጋር ነዋ።”

“ሥራው ምንድን ነው?”

“ካርቶን ያመርታል። ስንት ዓመት ሰላም ስትለው አልጠየቅከውም?”

ውሉን የማየው በካርቶን ድርጅቱ ስም ነው፤ አቅራቢያችን ይኸው ጎረቤቴ መሆኑን እኔ አላወቅሁም። እሱ ግን የኩባንያው ነገረ ፈጅ መሆኔን ሳያውቅ አልቀረም።

“ከፍለነዋል አይደል?”

“ብልክለት ‘ከጋሼማ አልቀበልም’ ብሎ መለሰው። ነግሬህ ‘ይባረክ’ ብለህ መረቅከው እኮ!”

ተመልሼ ደብዳቤውን አስቴር ፊት ቀደድኩት።

“ጥፋተኛው ተገኘ እንዴ ጋሼ?”

“ተገኘ። ሥራሽን ቀጥዪ።”

ሰሚት

ቤቴ ስገባ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። አስቴር ንጹሕ መሆኗን፣ ከምርመራውም ሆነ ከካርቶኑ ውል እኔ መነሣት እንዳለብኝ ለዋናው መሥሪያ ቤት ጻፍኩ። ከጉዞው የተማርኩት፣ መርማሪ ቦርሳውን ከማንሣቱ በፊት ፍሪጁን ቢከፍት እንደሚሻል ነው። ሥጋውን በነፃ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ጠዋት የበላሁት ጥብስም ከዚያው በሬ ነበር፤ እንዲያውም አስጨምሬ ነው የበላሁት።