ፍየል ያሳለፈው ግድግዳዬ

ዛሬ ጠዋት የጎረቤቴ ፍየል በአዲሱ ቤቴ ግድግዳ በአንድ በኩል ገብታ በሌላው ወጣች።

ማገር አልተመታም፣ ጭቃም አልተመረገም፤ ገና ቋሚው ብቻ ነው የቆመው። ባሕር ዛፍ ከደጋ በአይሱዙ ተጭኖ መተማ እስኪደርስ ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ አናጢውን ጋሼ ሞላን "ቋሚውን ራቅ ራቅ አድርገው ያቁሙልኝ" ብዬ ለምኛቸው ነበር።

ፍየሏን ሲያዩ መዶሻቸውን አስቀመጡ። "ፍየል ያሳለፈ ግድግዳ የክረምት ነፋስ አይችልም። በየመሃሉ አንድ አንድ ጨምር" አሉኝ።

እሺ ብዬ እንጨት ልገዛ ስሄድ በቤታቸው በኩል አለፍኩ። ጓሯቸው ውስጥ አዲስ ክፍል እያቆሙ ነው። በእሳቸው ቋሚ መሃል እንኳን ፍየል፣ አህያ ከነጭነቷ ታልፋለች!

እንጨቱን ትቼ ተመለስኩ። "ጋሼ፣ የእርስዎስ?"

"የኔ ቢዘም አናጢው እቤቱ አለ። ያንተ ቢዘም ማንን ትጠራለህ?"

እሳቸውን ነዋ! ሌላ ማንን እጠራለሁ?

አሁን እየመከሩኝ ይሁን እየቀለዱብኝ አላውቅም። ቤት የሠራችሁ እስቲ ንገሩኝ፤ የናንተ ቋሚ በስንት ስንዝር ነው የቆመው?

ቶሎ በሉ፣ ፍየሏ ተመልሳ ገብታለች።