በጎዋ ትራንስ ክርክር መሃል የያዝኩት መርዶ

ባለፈው ቅዳሜ ከአዋሽ ወደ ሰመራ ስሄድ የሚኒባስ ጋቢና ደረሰኝ። አባቴ ሰመራ የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆነ ትምህርት ሲዘጋ እሱ ጋር እሄዳለሁ። ከጎኔ በመስኮቱ በኩል መሐመድ የሚባል የአፋር ግመል ነጋዴ ተቀምጧል።

ገዋኔን እንዳለፍን ሾፌሩ ፍላሽ ሰካ... ጎዋ ትራንስ! ዘፋኝ የሌለው፣ የሲንተሳይዘሩ፣ የኤሌክትሮኒክ ኪቦርዱ ድምፅ እየተጠማዘዘ የሚሄድ ሙዚቃ ነው። በዚያ መንገድ ከታላቅ ወንድሜ ከሄኖክ ሌላ የሚሰማው ሰው አላውቅም ነበር። ሄኖክ አዋሽ የመኪና ኤሌክትሪክ ይሠራ ነበር። ከሦስት ወር በፊት በወባ አረፈ።

«ይሄ ከአዲሶቹ ነው» አልኩት ሾፌሩን።

«ታውቀዋለህ እንዴ!» ብሎ ሳቀ። «አዲሱ ይሻላል። ድምፁ ጥርት ያለ፣ ቤዙ ደረት የሚመታ። አዋሽ ግን ሄኖክ የሚባል ኤሌክትሪሺያን አለ... ‹ይሄ ጎዋ አይደለም፣ ዜማው ቀስ እያለ መደራረብ አለበት፣ የዛሬዎቹ ሳይበስል ነው የሚያወጡት› እያለ ያደርቀኛል። አምስት ወር ደሴ መስመር ስሠራ አላገኘሁትም። ነገ ስመለስ ይቺን አሰማዋለሁ፣ እጁን ይሰጣል።»

«አለ» ነው ያለው፤ ማረፉን አልሰማም።

እኛ ጋር መርዶ እንዲህ አይነገርም። ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድ አጠገቡ ቆሞ ነው። መሪ ለያዘ ሰውማ ጭራሽ፤ ከኋላችን ሰው ሞልቷል። ዝም ካልኩ ደግሞ ነገ ፍላሹን ይዞ የተዘጋ ሱቅ በር ላይ መርዶውን ብቻውን ሊሰማ ነው።

ስለዚህ ለጊዜው በሄኖክ ቦታ ሆኜ ተከራከርኩ።

«ሄኖክ ልክ ነው። አዲሶቹን አንዱን ካንዱ መለየት አይቻልም።»

«አንተንም አሳምኖሃል ማለት ነው!»

አላሳመነኝም። ቤት ውስጥ የአዲሱ ወገን እኔ ነበርኩ። በሕይወት እያለ አንድ ቀን እንኳ ልክ ነህ ብዬው አላውቅም።

«ለእኔ ሁለቱም የተበላሸ የውሃ ፓምፕ ነው» አለ መሐመድ።

ሚሌ ለምሳ ስንቆም ሾፌሩ ጎማ ሊያይ ሄደ። መሐመድ ወደ እኔ ዞረ። አፋሮች ሲገናኙ ዳጉ ይለዋወጣሉ፤ ያዩትንና የሰሙትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ይነጋገራሉ።

«ምን ሰምተሃል? ፊትህ ልክ አይደለም።»

ነገርኩት።

«እኛ ጋር ወሬ የያዘ ሰው ይዞ አያድርም» አለ።

«እኛ ጋር ደግሞ መንገድ ላይ አይነገርም።»

«እንግዲያው ሰመራ ሲያቆም ንገረው። ዘመድ ከሌለ እኔ አጠገቡ እቆማለሁ።»

ሰመራ ተሳፋሪው ሁሉ ወረደ። መሐመድ ወደ ቤቱ አልሄደም፤ መጥቶ ከሾፌሩ ጎን ቆመ።

«ሄኖክ ወንድሜ ነው» አልኩት። «አርፏል።»

ሾፌሩ የመኪናው ደረጃ ላይ ቁጭ አለ። መሐመድ ትከሻውን ያዘው። ቀና አለና...

«ከአዲሶቹ አንድ እንኳ... መጨረሻ ላይ አልወደደም?»

ወደደ ብለው ደስ ይለው ነበር። መሐመድን አየሁት።

«አንድም» አልኩ።

እንባው እየወረደ ሳቀ። «ግትር! የግትር መጨረሻ!»

ከሞተ ጀምሮ ሰው ሁሉ መልአክ ነበር ይለኛል... ወንድሜን እንደሚያውቀው ሰው የሰደበልኝ እሱ የመጀመሪያው ነው።