የሁለቱ ጣውንቶች ኩባንያ

ቦርቶ ከኢትዮጵያ በኩል ቦሎቄ እያስመጣ በኬንያ በኩል ባለችው ሞያሌ ያከፋፍል ነበር። የንግድ ፈቃዱ በእሱ ስም ብቻ ስለነበር፣ ሲሞት ሱቁ ለወራት ተዘጋ። ሁለቱ ሚስቶቹ ሀዋኦና ሃጂራ ከሰላምታ ያለፈ ወሬ አልነበራቸውም፤ ልጆቻቸው ግን የሚበሉት ከዚያው ሱቅ ነበር። ስለዚህ ፈቃዱን በስማቸው የሚያወጣላቸው ጠበቃ ፍለጋ አብረው ተነሡ። አስፋልቱ ገና ሞያሌ ስላልደረሰ፣ ከብት በጫነ መኪና ላይ አቧራ እየቃሙ ናይሮቢ ገቡ።

ሜርሲ የምትባል ጠበቃ ምርጫቸውን በስዋሂሊ አስረዳቻቸው። ሃጂራ ከወዲያኛው፣ ከኢትዮጵያው ሞያሌ የመጣች ስለሆነች ስዋሂሊ አትሰማም፤ ሀዋኦ አንድም ሳታስቀር ወደ ራሳቸው ጉዳይ አዙራ ተረጎመችላት።

«በአንዳችን ስም ከሆነ ቀላል ነው፤ ግን ባለስሟ ስትሞት እንደገና ይዘጋል። ሽርክና ከሆነ፣ አንቺ ብትከስሪ የእኔም ቤት ይሸጣል። ኩባንያ ከሆነ ግን በሕግ ፊት ራሱን የቻለ ሰው ነው። እኛ ብንሞትም ይቀጥላል። ወጪውና ጣጣው ግን ብዙ ነው።»

«አንቺ ምን አሰብሽ?» አለች ሃጂራ።

«እኔ ደክሞኛል። ሐዘን ላይ ተቀምጬ ዳግመኛ ስለ ፈቃድ መለመን አልችልም። ኩባንያ ይሁን።»

«ድርሻውስ?»

ሀዋኦ የመጀመሪያዋ ሚስት ነበረች፤ የበለጠ ልትጠይቅ ትችል ነበር። ለመከራከር ግን አቅም አልነበራትም።

«እኩል» አለች።

ሲመለሱ ሃጂራ የሀዋኦ ትከሻ ላይ ተደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት። ሀዋኦ ትከሻዋ ቢደነዝዝም አልቀሰቀሰቻትም።