መዝጊያ መሆኔ ቀረ

አባቴ ከደባርቅ ሲደውል ጓሮ ነጭ ሽንኩርት እየነቀልኩ ነበር። ስልኩን በጭቃ እጄ አነሳሁት።

«አንቺ ልጅ፣ ከዛሬ ጀምሮ መዝጊያ አይደለሽም» አለኝና ሳቀ። ከዚያ ወሬውን ነገረኝ።

እናቴ በአርባ ሦስት ዓመቷ ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ሁለቱም ደህና ናቸው። ከሽንኩርቱ መደብ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መደቡ ሮጥኩ። የጎረቤት ውሻ ሳይቀር ተከተለኝ። ለእናንተ ለወዳጆቼ የልቤን መጻፍ እንደምችል ካወቅሁ ወዲህ መጀመሪያ ልጽፈው የፈለግሁት ይህንን ነው፤ ግን ደስታውን ብቻ ብጽፈው ግማሹን መዋሸት ይሆንብኛል።

መዝጊያ እኔ ነኝ። ስወለድ እናቴን ብዙ ደም ፈሷት ስለነበር ያዋለደቻት ሴት «ይቺስ ማህፀንሽን ዘግታው ነው የወጣችው» አለቻት። ስሙ በዚያው ጸናብኝ። እኔ እወደው ነበር፤ የመጨረሻ ልጅ መሆን ምን ይጠላል? እናቴ ግን እንደ ስም ብቻ አልያዘችውም። አምናበት ነበር።

ለዚህ ነው የዛሬ ሁለት ዓመት የወር አበባዋ ሲዘበራረቅ ቆይቶ ጭራሽ ሲቀር ያልደነገጠችው። የማኅበር ጓደኞቿ አርጣለች ብለው ቀለዱባት። አፏ የማያርፈው ጎረቤታችን እንዲያውም «ከእንግዲህ የቀረሽ መመንኮስ ነው፣ ቆብሽን የምገዛልሽ እኔ ነኝ» አለቻት። እናቴ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሲያቅለሸልሻትና ሆዷ ሲነፋ ደግሞ ሁሉም ኮሶ ይዟት ነው አለ። ለፋሲካ ጥሬ ሥጋ በልታለች፤ ሌላ ምን ሊሆን? አባቴ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ካለው ዛፍ የኮሶ አበባ አመጣላት። ደርቆ ተወቀጠና በባዶ ሆዷ ጠጣችው። እኛ አገር ኮሶ መጠጣት ብርቅ አይደለም።

ቁርጠቱ አልለቃት አለ። ደም ሲከተል በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ነርሷ እናቴን መርምራ ከአልጋው ጫፍ ተቀመጠች።

«እናቴ፣ ነፍሰ ጡር ነበሩ እኮ» አለቻት።

«እኔ?» አለች እናቴ። እጄን ይዛ ነበር። «መዝጊያዬ እኮ ይቺውና፣ አድጋለች።»

ነርሷ አልሳቀችም። የኮሶው ነገር ይሁን ሌላ፣ ምክንያቱን በእርግጠኝነት መናገር እንደማትችል ነገረችን። ዕድሜ ሲገፋ ጽንስ ያለ ምንም መድኃኒትም ሊወርድ ይችላል፤ ነፍሰ ጡር ግን ኮሶ መጠጣት የለባትም አለች። የወር አበባ መዘበራረቅ ደግሞ ማረጥ ማለት አይደለም፤ ዓመት ሙሉ ሳይመጣ እስኪቀር ድረስ ሴት ልትፀንስ ትችላለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ ማህፀን የሚዘጋ ልጅ የለም አለችኝ።

የወረደው ወንድ ነበር። ለቅሶ አልተቀመጥንም፤ ክርስትና ላልተነሳ፣ ስም ላልወጣለት ድንኳን አይጣልም። አባቴ ብቻውን ወስዶ ቀበረው፤ የት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገረንም። ጎረቤታችን ልትጠይቃት መጥታ ገና ከደጅ፣

«ኮሶው ወጣልሽ?» አለቻት።

«ወጣ» አለች እናቴ።

ያቺን ቃል እስከ ዛሬ እሰማታለሁ። ሰው ከሄደ በኋላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ «መኖሩን ሳላውቅ የሞተብኝን ምን ብዬ ላልቅሰው?» አለችኝ።

የወር አበባዋ እንደገና ሲቀርባት ለማንም ሳትናገር በቀጥታ ጤና ጣቢያ ሄዳ ተመረመረች። ነፍሰ ጡር ናት ተባለ። አትወልድም ሲሉ የነበሩት አሁን ደግሞ በዚህ ዕድሜ የወለደች አትተርፍም ማለት ጀመሩ። ነርሷ አደጋው ከወጣቶቹ እንደሚበልጥ አልደበቀችንም፤ ለዚህም ነው ቶሎ ጀምሮ ክትትል የሚያስፈልገው፣ የደም ግፊቱም ስኳሩም የሚታየው አለች። እናቴ አንድም ቀጠሮ ሳትቀር በሚኒባስ ደባርቅ ሆስፒታል ተመላለሰች። ለሕፃኗ ግን አንዲት ጨርቅ እንኳ አልገዛችም፤ እኛም እንድንገዛ አልፈቀደችም።

ስለዚህ ትናንት ልጅቷ የተወለደችው ምንም ልብስ ሳይዘጋጅላት ነው። ብርዳችንን ታውቁታላችሁ። ወሬውን ለጎረቤታችን ስነግራት አፏ ለመጀመሪያ ጊዜ ተያዘ፤ የዚያን ጊዜው ኮሶ ምን እንደነበር እናቴ ከዚያ በኋላ ነግራት ነበር። ነጠላዋን አጣፍታ ገበያ ወረደችና ጣት የምታህል የሱፍ ቆብ ይዛ ተመለሰች።

«ቆብ ቃል ገብቼ የለ» አለችኝ። እያለቀሰች ነበር።

እንግዲህ ክርስትናዋ ዳባት፣ እኛ ቤት ነው። ኑ። መንገድ ላይ የመዝጊያ ቤት ብላችሁ ጠይቁ፤ ስሙ ሰው አፍ ላይ ገና አለ። እናቶቻችሁንና አክስቶቻችሁን ይዛችሁ ኑ፤ የወር አበባዋ ቀርቶባት አርጫለሁ የምትል ካለች ግን መጀመሪያ በጤና ጣቢያው በኩል እለፉ፣ መንገዳችሁ ላይ ነው። ዳቦው ሲቆረስ እናቴ አንድ ቁራሽ ለብቻው ታስቀምጣለች። የማን ነው ብላችሁ እሷን አትጠይቋት፤ እኔ ነግሬያችኋለሁ።