የቀይ አፈር መደብ

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ መተማ ዮሐንስ በጸሐፊነት የተመደብኩት በደርግ ዘመን ነው። ወባ ጥሎኝ ስለነበር እናቴ ልታስታምመኝ ከሐረር ድረስ መጣች። ተሽሎኝ ልትመለስ ስትል፣ ጀጎል ግንብ ውስጥ ያለው የአያቶቿ ቤት ሰው የሌለበት ነው ተብሎ ለሌላ መሰጠቱን ሰማን። ማመልከቻ ጻፍኩላት፤ መልስ አልመጣም። እናቴ በዚህ አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

የተከራየሁት የሣር ክዳን የጭቃ ቤት ነበር። ወንበር አቀረብኩላት።

"ተዪው፣ ወንበር የእንግዳ ነው" አለችና ምንጣፍ ላይ ተቀመጠች።

የሐረር ሰው ቤቱ ውስጥ ወንበር አያስፈልገውም። ሳሎኑ ራሱ ከፍና ዝቅ ብሎ በተሠራ፣ በቀይ አፈር በተለቀለቀ መቀመጫ የተሞላ ነው፤ ነደባ እንለዋለን። ነደባዎቹ አምስት ናቸው፤ የእያንዳንዱ ተቀማጭም የታወቀ ነው። በሩን ፊት ለፊት የሚያየው የአባወራው ነው። የእኛው ቤት አባወራ፣ አባቴ፣ ከሞተ ወዲህ እዚያ ማንም ተቀምጦ አያውቅም።

ቤቱ እንደማይመለስ ሲገባት እናቴ መተማ ላይ ነደባ ልትሠራ ተነሣች። በአገሩ ጥቁር ዋልካ አፈር ሠራችው፤ ሲደርቅ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አወጣ። ጭድ ጨመረችበት፤ ደግሞ ተሰነጠቀ። በመጨረሻ ጎንደር የሚመላለስ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ለመነች። ከጭልጋ ሁለት ጆንያ ቀይ አፈር ይዞላት ወረደ።

"ኬላ ላይ 'ምን ጫንህ?' አሉኝ፣ እማማ። 'አፈር' አልኋቸው። የቀለድሁ መስሏቸው ጆንያውን በሽቦ ወጉት።"

"ምን አገኙ?"

"አፈር።"

እናቴ ሳቀች። መተማ ከመጣች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ቀዩን አፈር ከላይ ለቀለቀችበት፤ ያዘ፤ አምስቱም ነደባዎች ቆሙ። በወንዝ ድንጋይ አለሰለሰችው፤ ከሐረር ይዛ የመጣቻቸውን ሁለት የስንደዶ ስፌቶች ከበላዩ ግድግዳው ላይ ሰቀለች።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የቀበሌው ካድሬ መጣ። ከነጫማው ገብቶ የአባወራው ነደባ ላይ ተቀመጠ።

"እማማ፣ ይኼ ከፍ ዝቅ ያለው ምንድን ነው?"

እናቴ አማርኛዋ የገበያ ነው። ነደባ ብትለው እንደማይገባው አውቃ፣ "መደብ ነው" አለችው።

"የምን መደብ?"

"ሁሉም የየራሱ መደብ አለው። የተቀመጥክበት የጌታው ነው። ያ የሴቶችና የልጆች። በሩ ሥር ያለው የተርታው ሰው።"

በየስብሰባው ስለ መደብ ትግል ስንሰማ ለምንኖር ሰዎች ከዚህ የከፋ መልስ አልነበረም።

"ጌታና ተርታ ቀርቷል እኮ። ዛሬ ሰው ሁሉ እኩል ነው።"

"ደግ ነው። ታዲያ ልጄ፣ አንተን ከላይ ማን አወጣህ?"

አልሳቀም። ወደ እኔ ዞረ። "የመንግሥት ሠራተኛ ነሽ። ይኼ እስከ ነገ ይስተካከል።"

ስሕተቱ የቃል መሆኑን ማስረዳት እችል ነበር፤ የተማርኩት እኔ ነኝ። ግን ለሥራዬ ፈራሁ።

በማግስቱ ዶማ ተውሼ አምስቱንም አፈረስኳቸው። እናቴ ቆማ አየች። ስጨርስ ቀዩን አፈር በእጇ እየዛቀች ወደ ጆንያው መለሰችው፤ አላገዝኳትም፣ አላስጠጋችኝም። ከዚያ እጇን ታጠበች።

"በይ፣ ወንበሩን አምጪልኝ" አለች።