ካሜራው የሸፈናት የሰይድ መስመር

ሰይድ ሞተ ሲለኝ ውሸት ነው አልኩ። ስልኩን ዘግቼ መልሼ ደወልኩ። «ሰይድ የቱ? የኛው ሰይድ?» አልኩት የስራ ባልደረባዬን። «የኛው ነው ወንድሜ፣ የወሎው» አለኝ። ሶስተኛ ስደውል አላነሳም።

ዛሬ ጠዋት ነው ይሄ። እኔ ረፍት ስለነበርኩ ሱለይ ሰፈር ያለው ቤታችን ተኝቼ ነበር። የሰይድ ፍራሽ ከኔ አጠገብ ነው። ብርድ ልብሱን እንደ ሁልጊዜው አጥፎ ነው የወጣው።

ለማታውቁት፣ ሰይድ እዚህ ሪያድ ሰዎች በቀለም ጥይት የሚታኮሱበት የፔይንትቦል ሜዳ ውስጥ ጠመንጃ ጠጋኝ ነበር። እኔም እዚያው ነው የምሰራው። ጥይቱ ቀለም ነው። ጋዙ ግን ቀልድ አይደለም። ከጠመንጃው ኋላ የምትታሰር ትንሽ ሲሊንደር አለች፣ የታመቀ ጋዝ የተሞላች። ከጠመንጃው ጋር የሚያገናኛት አንገቷ ላይ የተጠመዘዘው የናስ ቫልቭ ነው። ሲሊንደሯ ስትፈታ ናሱ አብሯት መውጣት አለበት። ናሱ ጠመንጃው ላይ ቀርቶ እሷ ብቻ ከተፈታች፣ ጋዙ ባንዴ ይፈነዳና ሲሊንደሯ ራሷ ትወረወራለች።

ሰይድ ለዚህ መላ ነበረው። እህቱ ዘይነባ ሱለይማኒያ ሰፈር ሰው ቤት ትሰራለች፤ ከሷ ቀይ የጥፍር ቀለም ለምኖ አመጣ። በየሲሊንደሩ ላይ ከናሱ ጀምሮ እስከ ብረቱ ድረስ አንዲት ቀጭን መስመር ያሰምራል። መስመሯ ገጥማ ካልታየች ናሱ ላልቷል ማለት ነው፣ ማንም አይነካውም።

መጀመሪያ ስቄበታለሁ። «ልትድራቸው ነው እንዴ?» ብዬዋለሁ። እሱ ምን ገዶት! ሲሊንደር በያዝኩ ቁጥር ካለበት ሆኖ ይጮህብኛል፦ «መስመሯን አየሃት?» ኋላማ ሽንት ቤት ስገባ ሁሉ «መስመሯን አየሃት?» እያለ ያሾፍብኝ ነበር።

ካሜራ የሚጠላ ሰው እንዳይመስላችሁ። ጠመንጃው ላይ ካሜራ መጀመሪያ የገጠመው ራሱ ሰይድ ነው። ከጋራዥ የተጣለ አሉሚኒየም ለቅሞ አፈሙዙ ላይ የምትቀመጥ መያዣ ሰራ። ማነጣጠሪያ መነጽርም አብሮ ገጠመላት። መሞከሪያው እኔ ነበርኩ። ጎማ ኋላ ተደብቄያለሁ ብዬ መቀመጫዬን ለአለም አሳይቼ የተመታሁበትን ቪዲዮ፣ ሳምንት ሙሉ እራት ላይ እየከፈተ አንጀቱ እስኪቆስል ስቋል።

ከዚያ ሙዲራችን፣ ማለትም አለቃችን፣ ሌላ ነገር አማረው። ደንበኛ ሲተኩስ የራሱን ፊት ማየት ይፈልጋል አለ። ካሜራው ወደ ኋላ ይዙር፣ ሲሊንደሩ አንገት ላይ ይታሰር አለ። አስራ ሁለት የብረት ማሰሪያ ገዝቶ መጣ።

ሰይድ አይሆንም አለው። ማሰሪያው መስመሯን ይሸፍናል፣ ደንበኛው ፊቱን ለማስተካከል ካሜራውን ባዞረ ቁጥር ደግሞ ናሱን አብሮ ያላላዋል። በአረብኛም በእጁም አስረዳው። ሙዲሩ «ኸላስ ያ ሰይድ፣ በቃ! ካሜራ ነው እንጂ ቦምብ አይደለም» ብሎት ሄደ።

ባለፈው ጁምዓ ሙዲሩ ሰይድ ለሰላት እስኪወጣ ጠብቆ እኔን ጠራኝ። «ያላ፣ ቶሎ በል፣ እሰራቸው።» አሰርኳቸው። በዚህ እጄ። አስራ ሁለቱንም! ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ለእድሳት ሙዲሩ እጅ ላይ ነበር፣ ፈራሁ። ሰበብ ልሰጥ አይደለም፣ እንድታውቁት ነው።

ሰይድ ተመልሶ ሲያይ አልተሳደበም። «ወንድሜ፣ መስመሯን የት አደረስካት?» ብቻ አለኝ። ያኔውኑ ብፈታቸው ምን ነበረበት? ራሴን በጥፊ ማለት ነው ያማረኝ።

ዛሬ ደንበኛ ሳይገባ አንዷን ሊሞላ፣ ማሰሪያው የሸፈናትን መስመር ማየት ሳይችል ሲፈታ፣ ናሱ ጠመንጃው ላይ ቀረ። ሲሊንደሯ ደረቱን መታችው። ሆስፒታል አልደረሰም።

ሜዳው ስደርስ ሙዲሩ ምን አዘጋጅቶ ቢጠብቀኝ ጥሩ ነው? ወረቀት! ሰይድ መመሪያ ጥሶ በራሱ ጥፋት ሞተ ይላል። ምስክር ነህ፣ ፈርም አለኝ። የሰውየው ሬሳ ገና ሳይታጠብ! ለዘይነባም ቀድሞ ደውሎ ይህንኑ ነግሯታል። እያለቀሰች ደወለችልኝ። «ወንድሜ፣ በራሱ ጥፋት ነው አሉኝ። እውነት ሰይድ እንዲህ ዝርክርክ ነበር?»

ሰይድ ዝርክርክ! ነጠላ ጫማውን እንኳ አሰልፎ የሚያስቀምጥ ሰው! ደሜ ፈላ።

አልፈረምኩም። ሙዲሩ ስልክ ሊያናግር ሲወጣ ጠመንጃዎቹ ወዳሉበት ገባሁ። ሲሊንደሮቹን ሳላዞር የቀሩትን አስራ አንድ ማሰሪያዎች በብሎን መፍቻ አንድ በአንድ አወለቅኩ። ሁሉንም በሰይድ ካሜራ ቀረጽኩት። ስምንቱ ላይ መስመሯ እንደተሰመረች አለች። ሶስቱ ላይ ግን ለሁለት ተከፍላ፣ ግማሿ ናሱ ላይ፣ ግማሿ ብረቱ ላይ ተለያይታለች። ሶስት ሰው ሊሞትባቸው ተራ የሚጠብቁ ማለት ነው!

ቪዲዮው ከስር አለላችሁ። ለዘይነባ ቀድሜ ልኬላታለሁ። «አወቅኩት፣ ቀለሙ የኔ ነው» አለችኝ። ሙዲሩም ይየው። ከፈለገ ተርሂል፣ ከአገር ማባረሪያው እስር ቤት፣ ያስገባኝና አገሬ ይመልሰኝ፣ እዚያም ሆኜ ይሄንኑ ነው የምናገረው።

ሰይዶ፣ ወንድሜ። እኔ ያንተን ዱዓ አላውቅበትም፣ የሚያውቁት ያድርጉልህ፤ እኔ አላህ ይዘንልህ ብቻ ነው የምለው። አፉ በለኝ። መስመሯን አየሃት ብለህ አትጠይቀኝ፣ ዛሬ አስራ አንዱንም አይቻለሁ። ያላየሁልህ ያንተን ነው። ደህና ሁን።