የኔታ ይትባረክ ወንዙን የተሻገሩበት ቀን

የኔታ ይትባረክ አርፈዋል። መስከረም ገና እንደ ጠባ፣ እስቴ ውስጥ፣ በታላቅ እኅታቸው በወይዘሮ ጥሩነሽ ቤት አረፉ። በስማዳና በጋይንት ተበትናችሁ የምትገኙ የጉባኤያቸው ልጆች ብዙዎቻችሁ ወሬውን የምትሰሙት ከገበያ በሚመለስ ሰው አፍ ነው። እንዲህ ያለ ወሬ ደግሞ አርብ ገበያ እስኪደርስ መልኩን ይለውጣል። ስለዚህ የሆነውን እንደሆነ ልጻፍላችሁ ብዬ ተቀመጥሁ። ልቤ ቢፈልግም እጄ እንቢ እያለኝ ደጋግሜ ትቼው ነበር።

የኔታ በስማዳ፣ ከወገዳ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኘው የጊዮርጊስ ደብር ወንበር ዘርግተው የመጻሕፍትን ትርጓሜ ያስተምሩ ነበር። እኔ በልጅነቴ ከእግራቸው ሥር ተምሬ፣ በኋላ አዲስ አበባ ወርጄ ዩኒቨርሲቲ ገባሁና ፈረንጆች ስለ መንግሥትና ስለ ሥልጣን የተፈላሰፉትን ሳነብ ከረምሁ። እስቴ ላይ አስተማሪ ሆኜ ስመለስ መጻሕፍቱን በአህያ አስጭኜ በመጀመሪያ የሄድሁት ወደ እሳቸው ነው። ይቆጡኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን ጉባኤያቸውን ከሚያደርጉበት ከደብሩ ወይራ ሥር ቦታ ለቀቁልኝና «በል የፈረንጁ ጠበቃ፣ ተቀመጥ። ደንበኛህ ምን ይላል?» አሉኝ።

የጉባኤውን ልማድ ለማታውቁት ልንገራችሁ። የትርጓሜ መምህር አንዱን ቃል ይፈታና «አንድም» ብሎ ሌላ ፍቺ ያመጣል፤ ደግሞ «አንድም» ይላል። ፍቺዎቹ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ እንጂ አንዱ ሌላውን አያባርርም። የኔታ በዚህ ላይ የራሳቸውን ሕግ ጨምረውበት ነበር። የሌላውን ሐሳብ መንቀፍ የሚሻ ተማሪ አስቀድሞ ያንኑ ሐሳብ፣ ባለቤቱ «አዎ፣ ያልሁት ይህን ነው» እስኪል ድረስ አሳምሮ መናገር አለበት። ባለቤቱ በቦታው ከሌለ እሳቸው ይቆሙለታል። በፈረንጁ የሚስቅ ተማሪ ሲያገኙ «የሌለ ሰው አይሰደብም፤ በምን አፉ ይመልስልሃል?» ይሉ ነበር።

እንዲህ ሆነን የእኛንና የፈረንጁን ስናስተያይ በጋው አለቀ። ሰው በመጀመሪያ ያለ ገዥ ብቻውን ይኖር ነበር፣ እርስ በርሱ ሲፈራራ ተሰብስቦ ተዋዋለና ሥልጣኑን ለአንድ ሰው ሰጠ የሚለውን ስተረጉምላቸው ዝንብ የሚከላከሉበትን ጭራ ማወዛወዝ አቆሙ።

«ብቻውን?»

«አዎ፣ የኔታ።»

«ታዲያ ማን አጠባው? ይህ ሰውዬ ሰውን ያለ እናት ነው የሚጀምረው!»

ጉባኤው ሳቀ። ወዲያው ፊታቸውን ወደ ሳቁት መለሱ። «እናንተስ ምን ያስቃችኋል? የእኛዎቹ ንጉሥን አባት ነው ይላሉ። መልካም። አባት ልጁን ቢበድለው ልጁ የት ሄዶ ይከሳል? ይህን የነገረን አለ?»

የተሰጠ ሥልጣን አደራ ነው፣ አደራውን የበላ ገዥ ይሻራል የሚለውን ባነበብሁላቸው ጊዜ ደግሞ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ድገምልኝ» አሉ። ደገምሁላቸው። «ይህስ የተበደለ ሰው ነው። ያልተበደለ እንዲህ አይናገርም» ብለው ተመልሰው ተቀመጡ። በመጨረሻ እስከ ዕለተ ሞታቸው ያልተዉኝን ጥያቄ ጠየቁኝ። «ሕዝቡ ተዋዋለ ይላል። መቼ ነው የተዋዋለው? የትስ ቦታ? ቦታውን ፈልግልኝ።» መጻሕፍቱን አገላብጬ ፈለግሁ። ፈረንጆቹ ራሳቸው የሚከራከሩበት ነገር ነው፤ ቦታ የሚያሳይ አላገኘሁም።

ይህ ሁሉ ከወይራ ሥር የቀረ ጨዋታ ቢሆን ኖሮ ዛሬ አላዝንም ነበር። በዚያው ዓመት የወረዳው ገዥ መሬት የሚለኩ ሰዎች ላከ። ገበሬው የሚለካ ርስት የሚነጠቅ ርስት ነው ብሎ መሬቴን አላስረግጥም አለ። ገዥው የኔታን አስጠርቶ እንቢ ያሉትን በሕዝብ ፊት እንዲያወግዙለት አዘዘ። የኔታ «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይምጡ፤ የማምንበትን እናገራለሁ» ብለው መለሱለት።

እሑድ ደጀ ሰላሙ ሞልቶ ነበር። የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው በመጀመሪያ የገዥውን ነገር ተናገሩ። ሥልጣን ከእግዚአብሔር እንደሆነ፣ ገዥ የሌለው አገር ጉልበተኛ እንደሚበላው፣ መንገድም ዳኝነትም ያለ ግብር እንደማይቆም አብራሩ። ገዥው ራሱ እንዲያ አሳምሮ ተናግሮት አያውቅም። ደስ ብሎት ጮክ ብሎ «አዎ! ያልሁት ይህን ነው!» አለ።

እኛ ተማሪዎቹ ተያየን። የጉባኤያችን ሕግ መሙላቱን ገዥው አላወቀም።

«አንድም» አሉ የኔታ። እግዚአብሔር ገዥን የሾመው ፍርድ እንዲያደርግ ነው፤ ያልተጠየቀ ሰው መሬት በገመድ ሲከበብ ፍርድ የት አለ? አባቶቹ ያቀኑትን የሚያርስ ገበሬ ሊሰማ ይገባዋል እንጂ ሊወገዝ አይገባውም። የደብሩ ሽማግሌ አያ ደምሌ ከኋላ ሆነው «አዎ፣ ያልነው ይህን ነው!» ብለው ጮኹ። የኔታ ሁለቱንም ወገን ተመለከቱና «ሁለታችሁም ተሰማችሁ። እንግዲህ ተነጋገሩ። እኔ የማወግዘው ሰው አላገኘሁም» ብለው ገቡ።

በዚያ ሳምንት ወንበራቸውን ተነጠቁ። ወደ እስቴ ተሰደው፣ ሁለቱን አገር የሚለየውን ወንዝ ተሻግረው ወደ ስማዳ እንዳይመለሱም በገዥው ታዘዙ። ስለ ገበሬው የተናገሩትን «አንድም» ሐሰት ነው ብለው በአደባባይ ቢናገሩ ግን ወንበሩም አገሩም ይመለስልዎታል ተባሉ። ጉባኤው ተበተነ። እሳቸውም ወንዙ ወለል ብሎ ከሚታይበት ከእኅታቸው ደጅ ተቀመጡ።

ከትምህርት ቤት ስወጣ እየሄድሁ አያቸው ነበር። ፊታቸው ሁልጊዜ ወደ ስማዳ ነው። መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ወይራው እንዴት ነው? ከሥሩ የሚቀመጥ አለ?» ብለው ነው። ቀጥለው ፈገግ ይሉና «ቦታውን አገኘኸው?» ይሉኛል። «አላገኘሁም» እላለሁ። «ጠበቃ እንዲህ ነው» ብለው ይቀልዱብኛል። ይዟቸው የነበረው ሳል የጠናባቸው በክረምቱ ነው።

አንድ ቀን ወይዘሮ ጥሩነሽ እኔው ፊት ፈነዱ። «ወንድሜ፣ አንዲት ቃል ናት! ተናገራትና አገርህ ግባ። ዓይኔ እያየ ልታልቅብኝ ነው እንዴ?»

«ጥሩዬ፣ የኔስ ልብ እዚያ አይደል?» አሉ የኔታ። «ግን የገበሬውን ከሰረዝሁ የገዥውንስ ማን ያምነኛል? ለሁለቱም እኮ ነው የቆምሁት።» ይህን ብለው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። አገራቸው ናፍቋቸው ነበር። ደፋር ነበሩ እያላችሁ የምታወሩ ይህንንም አብራችሁ አውሩ፤ ያቺን ቃል ያልተናገሩት እያለቀሱ ነው።

ያረፉ ዕለት እስቴ እንዲቀበሩ ታስቦ ጉድጓድ የሚቆፍሩ ሰዎች ተጠርተው ነበር። በማግስቱ ጠዋት ግን ወንዙ ገና ሳይጎድል፣ የስማዳ ገበሬዎች እስከ ደረታቸው ረጥበው ከደጁ ደረሱ። አያ ደምሌ ከፊት ናቸው። ወይዘሮ ጥሩነሽን «እመቤቴ፣ መምህራችንን ልንወስድ ነው የመጣነው» አሏቸው። ቃሬዛውን አነሣን። እኔም አንዱን ጫፍ ያዝሁ። ውሃው መሐል ስንደርስ ቃሬዛውን ከራሳችን በላይ ከፍ አደረግነው፤ ጎርፉ እግራችንን ሲነቅለው አንዱ ሌላውን በወገቡ ይይዘው ነበር።

ማዶ የገዥው ዘበኛ ጠመንጃውን ይዞ ቆሟል። «ይህ ሰው እንዳይሻገር ታዟል። ማን ፈቀደላችሁ?» አለ።

አያ ደምሌ ዞር ብለው አዩን። ረጥበናል፤ እንንቀጠቀጣለን፤ ከመካከላችን አንድም የተሾመ ሰው የለም። ከዚያ ወደ ዘበኛው ተመለሱና «እኛው ተፈቃቀድን» አሉት።

ዘበኛው ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አንግቶ መንገድ ለቀቀ። የኔታን ከወይራው አጠገብ ቀበርናቸው።

የኔታ፣ ጥያቄዎን መልሼ ላመጣልዎት ነው። ቦታውን አገኘሁት። ወንዙ ዳር ነው፤ ቀኑም እርስዎ የተሻገሩበት ቀን ነው። ፈረንጁ ሰዎቹ ፈርተው ተዋዋሉ ይላል። አንድም፣ የሚወዱትን ሰው ተሸክመው ሳሉ ተዋዋሉ። እርስዎ ቢኖሩ ሦስተኛ ይጨምሩበት ነበር። አፈሩ ይቅለልዎት፤ አገርዎ ገብተዋል። እኔ ግን ሐሳብዎን እንዳስተማሩኝ ሳላጎድል ለመናገር ይህን ሁሉ ጽፌ ስጨርስ፣ እንደ ልማዴ ቀና ብዬ ጠበቅሁ። «አዎ፣ ያልሁት ይህን ነው» የሚለኝ የለም።